የሞተችው ቁልፍ

ሐሙስ ሌሊት ነው፤ ሰናይያ፣ ሻርጃ።
የጎማ ቤቱን በር፣ የቆርቆሮ መጋረጃ፣
እስከ ጉልበት ድረስ ጎትተን አውርደን፣
ባረጀ ጎማ ላይ እንቀመጣለን ተጠጋግተን።

ቢተው ቀን ጎማ ይነፋል፣
ማታ ሳክስፎን ይነፋል፤
«ሥራዬስ ያው አንድ ነው፣ መንፋት» ይላል፤
«የቀኑን ትንፋሽ መኪና ይዞት ይሄዳል፣
የሌሊቱ ግን ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ያድራል።»

አግኔሎም ይነፋል፤ የእሱስ በወንፊት፤
የጎዋ ሽማግሌ፣ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ፣ ሳንቲም ያላመለጠችው አንዲት፤
ቤዙን እንደ ታመመ ልጅ ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣
ደቃቁን ያሳልፋል፣ ገለባ ድምፅ ያስቀራል ለይቶ።

ሹሞን ከበሮ የለውም፤ የቀለም ባልዲ አለው፤
ነጩ ለወፍራም፣ ሰማያዊው ለቀጭን ድምፅ ነው።
አንዲት ጸናጽል ብቻ፣ እውነተኛ፣ ከዳካ አብራው የመጣች፣
በአራት ካናቴራ ተጠቅልላ ጉምሩክ ያለፈች።

እኔ ዘርፈሽዋል፣ የባንክ ወለል ወልዋይ፣
በስድሳ ድርሃም የገዛሁት ኪቦርድ አለኝ፣ ከዓርብ ገበያ ላይ።
አንዲት ቁልፍ ሞታበታለች፤ መሐል ላይ ያለች ጥቁር፤
ብጫናት ጠቅ ትላለች፤ ከዚያ ዝም፣ እንደ መቃብር።
ስለዚህ መዞር ተማርኩ፤ እንደ ጉድጓድ ዘልዬ፣
በጎን፣ በጓሮ ገብቼ፣ ከላይኛው ድምፅ ተንጠልጥዬ።
አግኔሎ መጀመሪያ ሲሰማ፣ «ማን አስተማረሽ?» አለኝ፤
ለካ ጉድለቴን ነው የወደደልኝ።

መቃኛ የለንም፤ የምንቃኘው በኤሲው ነው፤
አሮጌ ነው፣ ሲያጓራ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።
ነሐሴ ላይ ርጥበቱ የቢተውን ሸምበቆ ሲያሳብጥ፣
እሱ ብቻ ነው ከቃናው የማይናወጥ።

ከመጫወት በፊት መስማት ግዴታ ነው።
ስልኩን ቸርኬ ውስጥ እንከተዋለን፤ ድምፁን ያጎላዋል ብረቱ፤
አራት ጭንቅላት ይጋጠማል፣ ግሪስ ይሸታል ቤቱ።
ሹሞን አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ቤንጋሊ አልችል፤
ግን ያች ቦታ ስትመጣ፣ ከበሮው ሆን ብሎ ዘግየት ሲል፣
እኩል «እእ!» እንላለን፤
አስተርጓሚ ሳንፈልግ፣ ተግባብተን።

ያለፈው ሐሙስ አንዲት ድምፅ አጣላችን።
ቢተው ወደ አንቺሆዬ ጎተታት፤
አግኔሎ፣ «ዝቅ ብላለች፣ ስህተት ናት።»
«ስህተት አይደለችም፣ እኛ አገር ቤቷ እዚያው ነው» አልሁ፤
ላሳየው ጣቴን ብሰድ፣ የሞተችው ቁልፍ ላይ ወደቅሁ።
ጠቅ።

ያኔ በበሩ ሥር መብራት ገባ፤
ከፉጄራ ድንጋይ የጫነ፣ ጎማው የፈነዳ ከባድ መኪና፤
ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ነፋው ጥሩንባ።
ያችው ድምፅ!
ከነዝቅታዋ፣ ከነቤቷ፣ ሳትዛነፍ አንዲት ፀጉር።
ሹሞን ዱላውን አየር ላይ አቆመው፤
አግኔሎ ዓይኑን ጨፍኖ ወንፊቱን ነቀነቀው፤
«እሺ» አለ፣ «አለች።»

ቢተው ሳክስፎኑን አስቀምጦ ክሪኩን አነሳ።
ብሎኑ ሲፈታ ሹሞን በባልዲው ተከተለው፣
ሾፌሩ ሳቃችን አልገባውም፤ ሃያ ድርሃም ከፍሎ ሊሄድ ነው።
«ንፋስ በቂ ነው» አለው ቢተው ጎማውን መትቶ፤
«ብቻ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ፣
ጥሩንባህን አንዴ ንፋልን።»

በሩን እንደገና እስከ ጉልበት አወረድን፤
አግኔሎ በጣቱ ቆጠረ፤ ጀመርን።
ያች ቦታ ስትደርስ አልዘለልኋትም፤
ጣቴን የሞተችው ቁልፍ ላይ አድርጌ
ጠበቅሁ።