ላንቃ

«የክረምት ሥልጠና» ይል ነበር ጥሪው፤
ቦቲም ጃንጥላም ሸከፍኩ፣ የሐዋሳ ሰው ነኝ፣ ያው።
ስደርስ ጠብታ የለም፤ የድንጋዩ ወለል ይፋጃል፤
ክረምት ለካ እዚያ አገር ፀሐይ ነው፣ ቆዳ ይልጣል።
ሰማዩን ስጠብቅ ጠቁሮ፣ አጉረምርሞ፣
ያጉረመረመችው መምህርቷ ናት፦ «ላንቃሞ! ላንቃሞ!»

የአባቴ ስም ነው። እኔ ዳንጊሴ ነኝ።
እዚያ ግን በአባቴ ነው ሁሉም የሚጠራኝ፤
ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ጧት ጧት፣ በፒያኖው ጥግ፣
ዓሣ አጥማጁ ተጠርቶ ከአሞራ ገደል ይመጣል፣
በእርጥብ ሱሪው፣ የሚቀመጥበት ሲፈልግ።

«የአፍሽን ጣራ ከፍ አድርጊ፣ ከፍ፣ ገና ከፍ፣
ድምፅ ረጅም እንግዳ ነው፣ ጎንበስ ሳይል ይለፍ»
ትላለች በእጇ፣ በዓይኗ፣ በሰባራ እንግሊዝኛ፤
እኔ ግን በሆዴ የምሰማት በአማርኛ፦
ላንቃሽን አንሺ።
ላንቃሞን አንሺ።
ምን ታውቃለች፣ ሰውየው ስንት እንደሚመዝን።

የደረሰኝ የገረድ ድርሻ ነው፤ ሦስት መስመር፤
«እመቤቴ፣ ደብዳቤ መጣ» ብሎ መዘመር፣
እጅ ነሥቶ መውጣት።
እመቤቲቱ ስታነብ፣ ስትወድቅ፣ ስትሞት፣
እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ፣ ባዶ ሰሃን ታቅፌ፣ ከኒኖ ጋር።
ኒኖ የጆርጂያ ልጅ ናት፣ አንድ ክፍል ነን፤
ሌሊት ማልቀሷን እንዳልሰማ ቧንቧ ትከፍታለች፤
ጧት ዓይኗ አብጦ «ሎሚ ነው» ትላለች።

ማይክ የለም። ሞንታርቦ የለም።
ሰፈራችን ቸርች መዘምራን ስንቆም
ሞንታርቦው ነበር የሚጮኸው፣ እኛ መች ደከምን፤
መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ መንፈስ ወረደ አልን።
እዚህ በባዶ ጉሮሮ፣ በጎን አጥንት፣ በሆድ፣
ሠላሳ ቫዮሊን ተሻግሮ፣
ኋላ የተኛ ሽማግሌ ጆሮ ድረስ መሄድ።

አንድ ቀን፣ ትንፋሽ ስቆጥር፣ በቃ ገባኝ።
ሐይቁ በጉም ሲሸፈን፣ ጀልባ ከጀልባ ሳይተያይ፣
አባቴ «ሌዳሞ ሆይ!» ይላል፣ ሳይቆጣ፣ ሳይጨነቅ፣ ውሃው ላይ፣
ሌዳሞ ከወዲያ ማዶ «አቤት» ይላል ሳይዘገይ።
ያንን ነው በስንት ዩሮ ስትሸጥልኝ የከረመች።

በመጨረሻው ምሽት ገባሁ፣ ሦስቷን መስመር አልኩ፣ ወጣሁ።
ያ ሽማግሌ ነቃ።
ያን ያህል ነው፤ ሌላ ጉራ የለኝም።

ነሐሴ ማለቂያ ተመለስኩ። ዝናቡ ታቦርን ውጦታል።
አባቴ ጀልባው ውስጥ ቆሞ በቆርቆሮ ውሃ ይጨልፋል።
የሞተሩ ቦታ ባዶ ነው፤ ሁለት የቡሎን ቀዳዳ፣
አጠገቡ አዲስ መቅዘፊያ፣ ገና ልጣጩ ያልጠዳ።
«ሞተሩስ?»
«ጩኸቱ አስቸገረኝ» አለ። «ዓሣውም አይወደው።»
የቲኬቴን ዋጋ በልቤ በፈረስ ጉልበት መነዘርኩት፤
ማወቄን አወቀ። ዝም አልኩት።

«እና ምን ተማርሽ?»
«ያለ ማይክ መጮኽ።»
«ለዚህ ነው እንዴ አውሮፕላን?» ብሎ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
ዓሣ የሚልጡት ሴቶች «እስቲ በይ፣ አሰሚን» አሉኝ፤
ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ቦቲዬ ገና አሁን ጠቀመኝ።
ላንቃዬን አነሣሁ።
ሦስቱን መስመር ለቀቅኩት።
አባ ኮዳዎቹ፣ ድምፅ ያልተሰጣቸው፣ መላጣ፣ ኮት ለባሽ፣
ምንቃራቸውን አማቱ፣ ውድ ወንበር እንደ ገዛ ታዳሚ።
ከጉሙ ውስጥ፣ ከሩቅ፣
«አቤት!» አለ ሌዳሞ።
አባቴ ቀና አለ። ቆርቆሮው እጁ ላይ ትንሽ ቆየ።
ከዚያ መጨለፉን ቀጠለ።

እትዬ ወርቅያንስ ግን ቢላዋዋን እንዳንጠለጠለች፦
«እና ደብዳቤው ምን ይላል?»
«አላውቅም። ገረዷ ሳይነበብ ትወጣለች።»
«ሞኝ ናት» አለች፣ ቅርፊት ከክንዷ እያራገፈች፤
«አንቺ ነሽ ያመጣሽው፣ አንብቢያ።»