አራት ይቀርሻል

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ደም ሥር ፈልጌያለሁ፣
ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ በጣቴ አገኛለሁ።
መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ትከሻዬ እስኪዝል፣
ማሽኑን በእጄ ዘውሬ፣ ሳይረጋ፣ ሳይጎድል፣
የሰው ደም ለባለቤቱ መልሻለሁ።

እና አሁን
ሰንጋ ተራ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበር በማይበቃው ክፍል
እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ሊያስተምሩኝ ነው።
እኔን።
ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አገር፣
በጀሪካን ቀድቼ ስታጠብ የኖርኩትን።

አሠልጣኟ ሲስተር ትንቢት ትባላለች፤ የልጄ እኩያ ናት።
ብዙ አላወራችም።
ቅባት አከፋፈለችን። «እሹት» አለች፤ አሸን።
«ታጠቡ» አለች፤ ታጠብን።
መጋረጃውን ሳበችው። ከታች ረዳቱ ይጣራል፤
«ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!»
በጨለማው ውስጥ ወይን ጠጅ መብራቷን አበራች።

በአውራ ጣቴ ሥር፣ በጥፍሬ ጠርዝ፣ በቀለበቴ ዙሪያ
ያልታጠበው ሁሉ ጋለ።
እጄ በሌሊት ከአውሮፕላን የሚያዩት ከተማ መሰለ፣
መንገዱ ሁሉ በርቶ።
ልጆቹ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ምንትዋብ መጣችብኝ።
የዛሬ አራት ክረምት፣ አልጋ ቁጥር ሰባት፤
አንገቷ ሥር ባለ ሁለት አፍ ቱቦ፣
አንዱ ክዳን ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ።
እጥበት በጀመረች በግማሽ ሰዓቷ
ጥርሷ ከጥርሷ ይጋጭ ጀመር።
«በረደኝ» አለችኝ።
ብርድ ልብስ ደረብኩላት።
ሌላ ደረብኩላት።
የሐምሌ ብርድ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁት።
ብርዱ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር፣
እኔው በከፈትኩት ክዳን፣ በነዚህ ጣቶች።
(ወይም በሌላ ሰው። ማን ያውቃል?
መዝገቧ «ትኩሳት» ብሎ ተዘጋ።)

በራችን ላይ የተጻፈው «የኩላሊት እጥበት» ነው።
ደም ስናጥብ እየዋልን
እጃችንን ረሳነው።

ጲላጦስ እጁን ታጠበ፣ ከደሙ ሊወጣ፤
እኔ የምታጠበው ወደ ደሙ ልመጣ።

ሲስተር ትንቢት ቀጠለች፤
ክዳን ሲከፈት እናንተም ማስክ፣ እሱም ማስክ፣
ፊቱን ወዲያ ያዙር።
የቱቦውን አፍ በአልኮል አሥራ አምስት ሰከንድ ፈትጉት።
ይድረቅ። እፍ አትበሉበት።
የረጠበ ፋሻ ለነገ አያድርም።
ደብተር አልያዝኩም ነበር፤
መዳፌ ላይ ጻፍኩት፣ ያው ነገ የሚታጠብ ቢሆንም።

ሰኞ። ጋሽ ተድባበ።
አርባ ዓመት ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ፤
ሱቃቸው ፈርሷል፣ ማጉያ መነጽራቸው ግን
ዛሬም ከደረት ኪሳቸው አይጠፋም።
ማስክ አደረግኩላቸው፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።
ክዳኑን ፈታሁ፣ መፈተግ ጀመርኩ።
ከኋላዬ ሁለት ማሽን ይጮሃል፣
አንዷ አስታማሚ ክፍያ የት ነው ትለኛለች፣
ተረኛው ሐኪም «ሲስተር!» ይላል፤
እጄን አነሳሁ።

ጋሽ ተድባበ አንገታቸውን ሳያዞሩ፣
የእጅ ሰዓታቸውን ከፍ አድርገው እያዩ፣
«አሥራ አንድ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ። «አራት ይቀርሻል።»
ለካ ያቺ ልጅ ለታማሚዎቹም ነግራቸው ኖሯል።

ዝም ብዬ ቀረሁ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤
«የሰዓት ጀርባ ከፍቶ የሚጣደፍ ሰው፣
አቧራ አስገብቶ ነው ‹ጊዜ ቆመ› የሚለው።»

ጎንበስ አልኩ።
አሥራ ሁለት።
ማሽኑ ይጮሃል። ይጩህ።
አሥራ ሦስት።
ሃያ አንድ ዓመቴ አጠገቤ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።
አሥራ አራት።
ብርድ ልብሱ እንደታጠፈ እግርጌ አለ፣
ማንም አልነካውም።
አሥራ አምስት።

አሁን ደግሞ ይድረቅ።