የሸምበቆው ዘበኛ

ማክሰኞ በመጣ አራት ጠርሙስ ይዤ፣
ከቆዳ ፋብሪካው ቁልቁለት ተጉዤ፣
ናሙና ስቀዳ ከመግቢያ ከመውጫው፣
ኤቫሪስቶ አለ፤ አይለቅም ከቦታው።

አርባ ዓመት አዟሪ ነበረ፤ ከበሮ፣
ዘፈን የማያውቀው የእንጨት ከበሮ፣
ሆዱ የበሬ ቆዳ፣ ኖራና ጨው፣ ክሮም፣
ሲዞር ውሎ አዳሪ፣ ሌሊት የማይተኛም።
የሚተፋው ውሃ ሰማያዊ ነበር፣
የሰማዩን ሳይሆን የበለዘ ከንፈር፤
ከአልቪዳ ወንዝ ገብቶ አረፋው ሲቀላቀል፣
የዓሣ ሆድ ይታያል እንደ ነጭ ቅጠል።

ከድልድዩ ማዶ ወንድሙ ፊርሚኖ፣
የውሃ ወፍጮውን ዘግቶ ኖረ መንኖ።
«ዱቄትህ ይሸታል» ብሎ ደንበኛ ሲርቅ፣
ኖረ ሃያ ዓመት ወንድም ሳይታረቅ።
እናት ስትቀበር ሳጥኑን ተሸክመው፣
ራስጌና ግርጌ ሄዱ ፊት አዙረው።

ከሊዝበን ደብዳቤ በማኅተም መጣ፤
«ወይ አጥሩት ወይ ዝጉት» የሚል ደረቅ ቁጣ።
ሊዮካዲያ መጣች፣ ልጅ እግር መሐንዲስ፣
ድምጿ የማይሰማ ከበሮው ሲታመስ፤
ጉድጓድ አስቆፍራ፣ ጠጠር አስነጥፋ፣
የሸምበቆ ችግኝ አስተክላ አሰልፋ።

ሠራተኛው ሳቀ። «ማሽን ያቃተውን
ሣር ሊያጥበው ነው ወይ የኛን ጉድ ይኼን!»
አብዝቶ የሳቀው ኤቫሪስቶ ነበር፣
እስኪያስለው ድረስ፣ ደረቱ እስኪሰበር።
ሳንባው አለቀና ከከበሮው ወርዶ፣
ለሳቀበት ሣር ዘበኛ ሆነ ተገዶ።

የመጀመሪያው በጋ አልሆነም እንዳሰቡት፣
ጨው ግማሹን በላው፤ ቢጫውን ነቀሉት።
ሊዮካዲያ አለቀሰች መኪናዋ ውስጥ ሆና፣
እሱ አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ በማግስቱ ግና
ከባሕር ዳርቻ ጨው የለመደ ዘር ፈልጎ፣
ተክሎ አመሸ በእጁ፣ ወገቡን በገመድ ሸብ አድርጎ።

አሁን እኔን ያስተምረኛል።
«ውሃው አይታይም፤ በጠጠሩ ሥር ነው የሚሄደው፣
እንደ ሐሜት።
ሸምበቆ ሆዱ ባዶ ነው፤ ባዶነቱ ነው ሥራው።
በዚያ ክፍተት አየር ያወርዳል ለሥሩ፣
በሥሩ ለሚኖሩት፣ ዓይን ለማያያቸው፤
የጣልነውን የሚበሉት እነሱ ናቸው።
ክሮሙ ግን አይበላም።
ክሮሙ እዚሁ ነው፣ ከጭቃው ጋር ታስሮ፤
ተያዘ እንጂ አልጠፋም።
አንድ ቀን ልጆቻችሁ ቆፍረው ያወጡታል፣
የት እንደሚወስዱት እንጃ።»

ይህን ሲል እጁን ያሳየኛል፤
የጥፍሩ ሥር ዛሬም ሰማያዊ ነው።

ባለፈው መስከረም፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ከመውጫው ቱቦ አጠገብ እንቁራሪት ሰማን።
ጣቱን ከከንፈሩ ላይ አኖረ፤
«ቁጠሪ» አለኝ።
ቆጠርኩ። አንድ ነበረች።

ማንም ለማንም አልነገረም፤ ደብዳቤ አልተጻፈም።
ወንዙ ግን ጠራ።
እስከ ድልድዩ፣ እስከ ወፍጮው ድረስ ጠራ።
የሰማ ሰማ።

በሦስተኛው ማክሰኞ ፊርሚኖ መጣ፣
ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ፤
ከኮቱ ኪስ የወይን ብርጭቆ አወጣ፣
ጎንበስ ብሎ ከመውጫው ቀዳ፣
ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። አሸተተ።
አልጠጣም፤ የሚጠጣ አይደለም።
«አሁንም ትንሽ ይሸታል» አለ።
«ትንሽ» አለ ኤቫሪስቶ።
ብርጭቆውን ተቀበለው፣
ከሸምበቆው ሥር መልሶ ደፋው፤
ከዚያ ሁለቱም ግንቡ ላይ ተቀመጡ፣
በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተው።

እኔ አራተኛውን ጠርሙስ ከደንኩ፤
ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩበት።