አጥፊልኝ

ሩስታቪ፣ ከመኪናው ገበያ ጀርባ፣
ንፋስ የጋራዤን ቆርቆሮ እያንኳኳ ሲገባ፣
ኦቲያ መጡ።
ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለች ማዝዳቸውን በሬ ላይ አቁመው፣
ሞተሩን ሳያጠፉ ወጡ።
ኮፍያቸውን አወለቁና «ግቫንጻ ልጄ» አሉኝ፣
«ይቺን ቀይ መብራት አጥፊልኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ፦
ከመሪው ጀርባ፣ ከፍጥነት ቆጣሪው ሥር፣
በቀበቶ የታሰረ ትንሽ ሰው
ፊቱ ላይ ክብ ነገር ተደቅኖበት፣ ይነዳል በቀይ ብርሃን።

«ሳምንቷ ነው ከበራች፤ ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም፤
ዘጠኝ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።
ዓምፖሉን ንቀዪው፣ ወይ ሽቦውን በጥሺው፤
ሌላ ቦታ አሥር ላሪ ብለውኛል፣ አንቺ አምስት አድርጊው።»

እውነታቸውን ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።
ማጥፋት ቀላል ነው።
ጥፋቱን ማግኘት ነው ጣጣው።

ቁልፉን አዞርኩ።
ጤነኛ መብራት ለጥቂት ሴኮንድ ይበራል፣
«አለሁ፣ ነቅቻለሁ» ይልና ዓይኑን ይከድናል።
ይቺ አልከደነችም።
እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አውርጄ
በሲጋራ ካርቶን ጀርባ መቁጠር ጀመርኩ፦
አንዴ ጠቀሰች፤
ዐረፈች፤
ከዚያ ዘጠኝ ጊዜ አከታትላ ጠቀሰች።
ዘጠኝ። እንደ ዓመታቱ።

ግሪስ የጠጣው መጽሐፌ
«የሹፌሩ ኤርባግ፤ መስመሩ ተቋርጧል» ይላል።

ባትሪውን ፈታሁ። «አሁንስ?» አሉ።
«አሁን እንጠብቃለን፣ አሥር ደቂቃ፤
ኤርባግ እንደ ተቆጣ ሰው ነው፣
ቁጣው ሳይበርድለት አይነካ።»

ጎማ ላይ ተቀመጥን። ከኪሳቸው ሱፍ ዘግነው ሰጡኝ።
ያኔ ነው የነገሩኝ፦
ባለፈው እሑድ ጎረቤታቸው ዛዛ ዳሽቦርዱን ፈትቶ፣
የደበዘዙትን ዓምፖሎች ሁሉ በአዲስ ተክቶ፣
«አንዱ ሶኬት ባዶ ነበር፣ እሱንም ሞላሁልዎ» ብሎ ሄደ።
«እሱ ነው ያበላሸብኝ» አሉ፣ ቅርፊቱን እንትፍ እያሉ።

ባዶ ሶኬት።
ለካ ሳምንቱ አልነበረም።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጮህ አፉን ታፍኖ ነበር።
የሸጠላቸው ሰው ዓምፖሉን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ
ኪሱ ከትቶት ሄዷል።
አውቀዋለሁ ይህን ሥራ።
በዚያው ገበያ ልምምድ ላይ ሳለሁ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣
የስንቱን መኪና ዓምፖል እንደቆነጠረ ይህ ጣቴ
አልቆጠርኩም።

ከመሪው ጀርባ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ሽፋኑን ሳብኩ።
አስኳሉ የተመጠጠ እንቁላል።
እንዳይንኳኳ ብሎ አንድ እጀ ብልህ ስፖንጅ ወትፎበታል፤
ቢጫዋ ሶኬት ከጎኑ
እጇን ዘርግታ፣ የሚይዛት አጥታ ተንጠልጥላለች።
ኦቲያ ጣታቸውን ሰደዱ። አቧራ ይዞ ወጣ።

«የኤቴሪስ?» አሉ። «የእሷ በኩል ያለው?»
አየሁት። ማኅተሙ እንኳ አልተነካም።
«የእሳቸው አለ።»
ሳቁ! «እንግዲያ ምን ቸገረን? እኔ ሰባ አራት ሞልቶኛል፤
የእሷ ካለ ይበቃል።
ማክሰኞና ዓርብ ኩላሊቷን ለማሳጠብ ትብሊሲ አደርሳታለሁ፤
ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። አጥፊውና ልሂድ።»

ውሸት በእጄ ቢኖር እዚህ ላይ እሰጣቸው ነበር።
«አባባ» አልኩ፣ «የሁለታችሁም አዛዥ አንድ ሳጥን ነው።
የእርስዎ መስመር ተበጥሶ ይህ መብራት እስከበራ ድረስ
የእሳቸውንም አያስነሳውም።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ ቀረ፣ መሄጃ አጥቶ።
ከውስጥ ኪሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ አወጡ።
ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። አልሞላም።
የጎደለውን አልጠየቅኋቸውም።
ቁልፉን ብሎኖቹ መሃል አኖሩ፣
«ዓርብ በአውቶብስ እንሄዳለን» አሉና ኮፍያቸውን ደፉ።

ሲመሽ ባትሪውን መልሼ አሰርኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ።
ጨለማው ጋራዥ ውስጥ
አንዴ፤ ከዚያ ዘጠኝ።
አንዴ፤ ከዚያ ዘጠኝ።
ጣቴ ዓምፖሉን ያውቀዋል፣ መንገዱንም አልረሳም።
ዛሬ ግን አላጠፋሁም።