ከላይ ማየት

ሐሙስ ማታ ነበር። የሃሊፋክስ ዝናብ
የድሮ ፋብሪካ መስኮት ሲደበድብ፣
የማታ ተማሪ ሩክሳና ጠየቀች፤
እርሳሷን አንሥታ ሁለት ግስ ጻፈች፦
ኦቨርሲ። ኦቨርሉክ።
«አንዱ ከላይ ማየት፣ አንዱ ከላይ መመልከት፤
ማየትና መመልከት በምን ተጣሉ ድንገት?
ከአንድ ሆድ የወጡ፣
አንዱ ዘብ አዳሪ፣ አንዱ እንቅልፈኛ፣
አንዱ የሚቆጣጠር፣ አንዱ ቸልተኛ?»

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት አስተማርኩ፣
ግን ጠመኔ ይዤ ዝም ብዬ ቆምኩ።
ምክንያቱም የቆምኩት እዚያው ወለል ላይ ነው
ቅድመ አያቴ ኢኖክ ሠላሳ ዓመት የዞረው።
የሥራው ስም በሩ ላይ ነበር፣ በነጭ ቀለም፦
ኦቨርሉከር።
ያኔ ነውር አልነበረም።
ያኔ ከላይ መመልከት መጠበቅ ማለት ነበረ፤
ቃሉ ዓይኑን የጨፈነው እየዋለ እያደረ።

ኢኖክ ገና ሳይነጋ ፋኖስ ይዞ ሲገባ
የበግ ጠጉር ክምር ላይ ልጅ ተኝታ፣ ተጠቅልላ በካባ፣
አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ጉንጯ ብናኝ ለብሷል።
ቆም ይላል።
ያስላል።
ሳሉን ሰምታ እስክትነሣ ጀርባውን ይሰጣል።
መዝገቡ ላይ ምንም። ቅጣት የለ፣ ስም የለ፤
አየ፣ አየና አለፈ፣ ቢጠይቁት እንዳላየ ማለ።

ግን በዚያው ዓይን፣ በዚያው ልግመኛ ምሕረት፣
ከአራተኛው ማሽን ቀበቶ የወለቀውን ብረት፣
መከለያውን፣ «ነገ ይገጠማል» ብሎ አለፈ።
ነገ ነገን ወለደ፤ ጥቅምትም እንዲሁ አለፈ።
ኅዳር ላይ ታቢታ ግሪንዉድ፣ ያቺው የክምሩ ልጅ፣
የተበጠሰ ክር ልትቀጥል ዘረጋች እጅ።
ቀበቶው እጅጌዋን ያዛት።
ሦስት ጣት።

ዳኛው ጠየቀው፦ «አላየህም ወይ ብረቱ መውለቁን?»
«አይቼዋለሁ» አለ፣ እየጨመደደ ቆቡን።
«ታዲያስ?»
«አለፍኩት፣ ጌታዬ። ልጆቹንም እንደማልፋቸው።»
ግሱ ለሁለት የተሰነጠቀው፣ እኔ እንደማስበው፣
መዝገበ ቃላት ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ችሎት ነው።

ከዚያ ወዲያ ኢኖክ፣ አክስቶቼ እንደሚያወሩት፣
የተኛ ድመት እንኳ ይቀሰቅስ ነበር በሌሊት።

ባለቤቶቹ ተቆጡ። የበሩ ቀለም ተፋቀ፤
ኦቨርሲየር ተባለ፣ ፊደሉ በወርቅ ደመቀ።
ሚስተር ክራብትሪ መጣ፤ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ፣
ሰዓቱ በሰንሰለት፣ ጫማው ድምፅ አልባ።
ያላየው አልነበረም።
የተኛ፣ ሁለት ፔኒ። የሣቀ፣ አንድ ፔኒ።
ደቂቃ ያረፈደ፣ በረዶ ላይ ቁም፣ በር ተዘግቷል፣ ዋጥ አድርገው እንባህን።

መዝገቡ እኔ ዘንድ ነው፤ ሊጣል ሲል ያተረፍኩት።
ጽሕፈቱ ያምራል፣ ሐር ይመስላል፤ ሰኞ በሰኞ አነበብኩት፦
«አራተኛ ማሽን። መከለያ የለውም። ታይቷል።»
በሳምንቱም፣ «አራተኛ ማሽን። መከለያ የለውም። ታይቷል።»
አርባ ሰኞ። አርባ ጊዜ «ታይቷል»።
ከሥሩ ፊርማ አለ፤ የሚገጥመው ሰው ግን የት ሄዷል?

«እና ልዩነቱ?» አለች ሩክሳና።
ምን ልበላት?
አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ልጅ አስተኛ፣ ጣት አስቆረጠ፤
አንዱ ዓይኑን ገልጦ ሁሉን ጻፈ፣ አንድም ቡሎን አልለወጠ።
መዝገበ ቃላቱ በመስመር፣ በቁጥር ይለያቸዋል፤
በሰባት ጣት የሚቆጥር ግን አንድ ብሎ ይጠራቸዋል።

ይህን አላልኳትም። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት፦
«የመጀመሪያው መቆጣጠር። ሁለተኛው ሳያዩ መቅረት፣
ወይም አይቶ ማለፍ።»
ገለበጠች፤ ከሥሩ አሰመረች፤ ፈተና ላይ ይመጣል።

ከኋላ ወንበር ዝቢግኔቭ፣ ከሌሊት ፈረቃ የመጣው፣
ማሞቂያው ጥግ ተጠግቶ ራሱን ደብተሩ ላይ ጣለው።
ሄድኩ። እጅጌውን ከጋለው ብረት ቀስ ብዬ ሳብኩት።
ከዚያ
እንዳላየሁ አለፍኩት።