ሳይቀላቀል

በፔዳ ግቢ ላይ መብራቱ ሲጠፋ፣
ስሌቴ ተገታ ሳይቆጥር አንድ አልፋ።
ባላየሁት ማሽን፣ በማላውቀው ከተማ፣
ኦክስጅን ሮጦ ይመታል ኢላማ፤
ለእኔ የሚደርሰኝ የቁጥር ረድፍ ነው፣
ፍሙን ማን ሞቆታል? ድምፁን ማን ሰማው?

ጃኬቴን ደርቤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣
እምቦጭ የዋጠውን ዳርቻ ተሻገርኩ።
አያ እንድሪስ አሉ፣ ፋኖስ አጠገባቸው፣
ደንገል ይቀጥላሉ፣ ገመድ ነክሶ ጥርሳቸው።

«ደግሞ ምን ጠፋብሽ?»
«መብራት» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው ነገርኳቸው፦
«የድስቱን ብረት ያውቁታል? የሱን ፍሬ፣ የፍሬውን ፍሬ፣
ሌላ ፍሬ በርራ ትመታዋለች።
ሁለቱ ይዋሃዳሉ። አንድ ትኩስ ነገር፣ የሚሽከረከር፣
ከየት እንደመጣ የማያስታውስ፤
መቺው ማን፣ ተመቺው ማን፣ ጠፍቶበት የሚፈላ።
ከዚያ ወዲያ እንፋሎት ነው፤
አንድ ፕሮቶን በዚህ፣ አንድ አልፋ በዚያ፣
እስኪበርድ ድረስ።»

ገመዱን ከጥርሳቸው አወጡ።
«ሐይቁ ነዋ!
ርብም ገባ፣ ጉማራም ገባ፣ መገጭም ገባ፣
ማን የማንን ውኃ ይለያል?»
ደግሞ ዝም አሉ። ጣታቸው ወደ ጨረጨራ ዞረ።
«ግልገል ዓባይ ብቻ...
አባቴ ሲሉ፣ በሐይቁ መሃል ሰንጥቆ ያልፋል፣
ሳይቀላቀል፣ የመጣበትን ሳይረሳ።
እንዲህ ያለውስ የለም በእናንተ?»

«የለም» ልል አፌ ተከፍቶ ቀረ፤
ግራፌ መጣብኝ፣ ሦስት ወር የከረመ፦
ከሞዴሉ መስመር በላይ ያፈነገጡ ነጥቦች፣
ወደፊት፣ በጠባብ ማዕዘን፣ የሚያመልጡ አልፋዎች፣
«የመሣሪያ ስህተት» ብዬ የገፋኋቸው፣
ዶክተር ስንሻው በቀይ የከበቧቸው።
ሙቀቱ ለሁሉም ሳይዳረስ፣
ድስቱ ገና ሳይፈላ፣
የምቱን አቅጣጫ በጀርባቸው አዝለው
የወጡ ናቸው።

ሐይቁን አየሁት። ጥቁር ነው። ምንም አይልም።
የአያ እንድሪስ አባት ውኃውን ለክተው አያውቁም፤
እኔ ብለካው ደግሞ፣ ምናልባት፣
ዓባይም እንደ ሌላው ተቀላቅሎ አገኘዋለሁ።
ይህን ግን አልነገርኳቸውም።
ለሐይቁ ያልሆነ እውነት ለፍሬዬ ሲሆን
ማንን አመሰግናለሁ?

በማዶ መብራት መጣ፣ መስኮቶቹ ነጡ።
አልተነሳሁም።
«ያዥልኝ» ብለው የገመዱን ጫፍ ሰጡኝ፤
ሁለቱ እስር ደንገል አንድ ታንኳ እስኪሆን
በሁለት እጄ ሳብኩ።
ሲጠብቅ፣ ከመሃሉ
አንዲት ስንጥር ተፈናጥራ
ውኃው ላይ አረፈች፣
በጎተትኩበት አቅጣጫ።