ዜሮ ነጥብ ሁለት

የኮምቦልቻ ሌሊት ይሞቃል።
ማራገቢያው ያቃስታል፣ ላፕቶፔ ይግላል፣
ስክሪኑ ላይ አንድ ሺህ ነጥብ ይርመሰመሳል።

ስም የላቸው፣ ሰፈር የላቸው፣ እናት የላቸው፤
ከዜሮ እስከ አንድ፣ አንዳንድ አቋም ብቻ ነው የሰጠኋቸው።
ሕጉም አጭር ነው፦ ሁለቱ ሲገናኙ
ልዩነታቸው ከጠበበ ይቀራረቡ፣
ከሰፋ ግን ይተላለፉ፣
እንዳልተያዩ ይለፉ።

ጠባብ ማለት ስንት ነው?
ዜሮ ነጥብ ሁለት አልኩ። እንዲሁ። ከሜዳ አንስቼው ነው።

አስነሳሁት። ሁለት መቶኛው ዙር ላይ፣ በቅጽበት
መሐሉ ባዶ ቀረ፣ እንደ ሰኞ ገበያ ማክሰኞ ለት፤
ቀዩ ወደዚያ ጫፍ፣ ሰማያዊው ወደዚህ፣
መሐል የቀረ የለም፣ ከዚያ ሁሉ ሺህ።

ዶክተር ዙበይዳ አየችው፤ ብዙ አልተናገረችም።
"ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?" መልስ አልነበረኝም።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ ወደ ደሴ፣
ደብተር ጉልበቴ ላይ፣ እስክሪብቶ በኪሴ።
ሐረጎ ላይ መንገዱ ይጠማዘዛል፣
በየመታጠፊያው ሰው በሰው ላይ ይጫናል።
ከኋላ ሁለት ጎልማሶች በወሬ ተካረሩ፤
አንዱ "እናንተ" አለ፣ አንዱም "እናንተ"፣ ጣት ቀሰሩ።
ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ብዬ ያዝኩ ማስታወሻ፤
በእኔ ሕግ ለነዚህ የለም መገናኛ፣ የለም መድረሻ።

ከዚያ ጉሙ ወረደ፣ ብርዱ በመስኮት ገባ።
አንዱ "ዝጉት!" አለ፤ ልጅ የታቀፈችው
"ታፈንን እኮ" አለች። ረዳቱ ሙሄ ግራ ገባው።
ሁለቱ ተነሡ፤ አንዱ ገፋ፣ አንዱ ሳበው፣
ያን የዛገ መስኮት ግማሽ ላይ አቆሙት።

ስለ አገር አልተስማሙም። ስለ መስኮት ተስማሙ።
ፒያሳ ሲወርዱ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ፣
"በል እሺ" ተባባሉ። ይኸው ነው። ዕርቅ አልለውም፤
የሒሳብ ሰው ነኝ፣ አላጋንንም።

ማታውን ለነጥቦቼ ሌላ መስመር አሰመርኩ፦
መስኮት፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የውሃ ፈረቃ ጨመርኩ፤
በአንዱ የተራራቀ በሌላው እንዲነካካ።
መሐሉ ሞላ? አልሞላም። ግን ሰው ታየበት፣
እንደ ገበያ ማለዳ፣ አንድ ሁለት ሱቅ ሲከፈት።
አሥራ ሁለቱ ግን ከጫፍ አልነቃነቅ አሉ።
አራት መቶ አሥራ ሰባትን ብዙ አየሁት፤
እሱ ሸሽቶ ነው ወይስ ሸሽተውት? አልለየሁትም።

ያኔ አበጋዝ ትዝ አለኝ። ታላቅ ወንድሜ።
ሮቢት ነው ቤቱ። በአንድ እራት፣ በአንድ ቃል
ስምንት ወር ሆነን ሳንደዋወል።
ልዩነታችንን አሰላሁ፣ ሳልቀጥፍ፣ ሳላድበሰብስ፦
ዜሮ ነጥብ ሦስት።
ለካ ያ ቁጥር
ከሜዳ አልተነሣም። የራሴ ነበር።

ሲነጋ ደወልኩ።
አቋሙን አልጠየቅኩት፣ የኔንም አልነገርኩት፤
"ውሃ መጣ ወይ፣ ሰፈራችሁ?" አልኩት።
ዝም አለ። ባልዲ ውስጥ ጠብታ ሲወድቅ ሰማሁ።
"ሐሙስ ሐሙስ ነው" አለ። ሊዘጋው መሰለኝ።

"ስማ፣
ያ ቢጫ ጀሪካኔ አንተ ጋ ነው አይደል?"